ማሽኑና ማኑዋሉ ሲለያዩ፦ «ማኑዋሉን ዝጉት» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ጎንደር ውስጥ ሜይንፍሬም (ትልልቅ ድርጅቶች የሚሠሩበትን ግዙፍ ኮምፒውተር) በሚማሩ ልጆች ዘንድ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰነበተ። ርዕሱ «ማኑዋሉን ዝጉት፣ ማሽኑን እመኑ» ነው። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የአይቢኤም ሲስተም ሰርቪሶች፣ ማለትም ፕሮግራም ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የሚጠይቃቸው አገልግሎቶች፣ ሰነዳቸው (ማኑዋሉ) ላይ እንደተጻፈው አይሠሩም። ስለዚህ በማንበብ ጊዜ አታጥፉ። ትንሽ መሞከሪያ ፕሮግራም ጻፉ፣ ሰርቪሱን ጥሩት፣ ያደረገውን እዩ፣ ያያችሁትን ይዛችሁ ኮዱን ጻፉ። ዜሮ ከመለሰ ተሳክቷል። እምቢ ካለ የሲስተሙ ስህተት ነው፣ መዞሪያ ፈልጋችሁ እለፉት። ለአይቢኤም ማሳወቅ ደግሞ ከጎንደር ሆኖ ውኃ ወቀጣ ነው።

ጸሐፊውን በአካል አላውቀውም። ሥራውን የሚወድ ሰው እንደሆነ ግን ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ያነሳቸው ችግሮችም የምር የሚያጋጥሙ ናቸው። መፍትሔ ብሎ ያስቀመጠው ነገር ግን ልጆቹን ገደል ይከታል ብዬ ስለማምን ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ እዚሁ ጎንደር ሆኜ ለአንድ የውጭ ድርጅት አሮጌ የአሴምብለር (ለማሽኑ ቋንቋ በጣም የቀረበ ቋንቋ) ፕሮግራሞችን እጠግናለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ማራኪ አካባቢ ከተመራቂ ልጆች ጋር ቁጭ ብለን ላፕቶፕ ላይ ሄርኩለስ የተባለውን ሜይንፍሬም መሳይ ፕሮግራም ከፍተን እንለማመዳለን። ከእነሱ መሀል ይህን ጽሑፍ አንብበው ማኑዋል መክፈት የተዉ አሉ። የምጽፈው በተለይ ለእነሱ ነው።

የመጀመሪያው ነጥቡ ጌትሜይን ላይ ነው፣ ፕሮግራም ሜሞሪ በሚጠይቅበት ሰርቪስ። «ማኑዋሉ ያገኛችሁት ሜሞሪ ዜሮ ላይሆን ይችላል ብሎ ያስፈራራል፤ እኔ ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ፣ ሁሌም ዜሮ ነው፣ ስለዚህ ማጽዳቱ ትርፍ ሥራ ነው» ይላል።

ያየው ነገር እውነት ነው። የደረሰበት ድምዳሜ ግን አይደለም። ለምን ዜሮ እንዳገኘ እንይ። ሲስተሙ ለአንድ አድሬስ ስፔስ (ለአንድ ሥራ የተለየ የሜሞሪ ክልል) አዲስ ገጽ ሲሰጥ፣ ማለትም 4096 ባይት፣ ገጹን አጽድቶ ነው የሚሰጠው፤ አለበለዚያ የሌላ ሰው ዳታ ይታያችሁ ነበር። የጸሐፊው መሞከሪያ ፕሮግራም ትንሽ ነው፣ ተነስቶ አንዴ ሜሞሪ ይጠይቃል፣ ያትማል፣ ይወጣል። የደረሰው ማንም ያልነካው ገጽ ነው፣ ዜሮ መሆኑ ምን ይገርማል? ፕሮዳክሽን ላይ፣ ማለትም በእውነተኛው ሥራ ላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚሮጥ ጆብ ግን ሌላ ነገር ነው። ሜሞሪ ይወስዳል፣ በፍሪሜይን ይመልሳል፣ ደግሞ ይወስዳል። ሁለተኛ ሲወስድ የሚደርሰው ያው ራሱ የመለሰው ቁራጭ ሊሆን ይችላል፣ ከነግሳንግሱ። ያኔ ዜሮ ነው ተብሎ የተተወ የጠቋሚ (የሌላ ቦታ አድራሻ የሚያዝበት) ቦታ ላይ የቀድሞ ሪከርድ ክፍተት ቁጭ ብሎ ይገኛል። ደምፑን (ፕሮግራሙ ሲወድቅ የተወሰደውን የሜሞሪ ቅጂ) ስትከፍቱ ሬጅስተሩ፣ የማሽኑ ትንሽ ማስቀመጫ፣ ውስጥ 40404040 ታያላችሁ። 40 በኢቢሲዲክ፣ በሜይንፍሬም የፊደል ኮድ፣ ባዶ ቦታ ናት፣ ስለዚህ ፕሮግራሙ አራት ባዶ ቦታዎችን አድራሻ ነው ብሎ ሄዶባቸው በኤስ0ሲ4፣ በአድራሻ ስህተት፣ ወድቋል ማለት ነው። ቦታው የፓክድ ዴሲማል ቁጥር ከነበረ ደግሞ ኤስ0ሲ7፣ የቁጥር ዳታ ስህተት፣ ይጠብቃችኋል።

ማኑዋሉ እኮ «ላይሆን ይችላል» ብሎ ብቻ አላለፈም። መቼ እንደሚያጸዳ ለይቶ ጽፏል፦ ከግል ክልል፣ ገጹ ወደ ዲስክ ሊወጣ ከሚችል ሰብፑል (የሜሞሪ ምድብ)፣ 8192 ባይት ወይም ከዚያ በላይ ስትጠይቁ፤ ወይም በገጽ ወሰን ላይ ይጀምር ብላችሁ 4096 እና ከዚያ በላይ ስትጠይቁ። ከዚህ ውጭ ያለውን ራሳችሁ አጽዱ ነው የሚለው። ከዚህ በላይ ግልጽ ቋንቋ ምን አለ?

ይህ ደግሞ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የዜድ/ኦኤስ፣ የአይቢኤም ሜይንፍሬም ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ 1.10 እትም ሲወጣ አይቢኤም ሜሞሪ የሚታደልበትን ውስጣዊ አሠራር ቀየረ። ማኑዋሉ ቃል የገባው ነገር አልተነካም። የተነካው ሰዎች «ሁሌም እንዲህ ነው» ብለው የተደገፉት ያልተጻፈ ልማድ ነው። ጣጣው ቀላል ስላልነበረ የአሮጌውን የ1.9 ደንብ ይዞ ለመቀጠል የሚያስችል ማብሪያ ማጥፊያ በዲያግ ፓርምሊብ (የሲስተሙ ማስተካከያዎች በሚጻፉበት) ውስጥ ማስቀመጥ ግድ ሆነ። ስሙ ራሱ ይናገራል፣ «ዩዝ ዜድኦኤስ ቪ1 አር9 ሩልስ»። «ያየሁትን እጽፋለሁ» የሚለው ዘዴ መጨረሻው እዚህ ነው፤ ፕሮግራማችሁ ዓመታት ይሠራል፣ አንድ ቀን ሲስተሙ ይታደሳል፣ እናንተ ሥራ ቀይራችኋል፣ ሌላ ሰው ሌሊት ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ የእናንተን ግምት ያነባል።

እዚሁ ላይ አንድ ልጨምር። በመሞከር ብቻ በፍጹም የማታገኟቸው ነገሮች አሉ። ኢስቴ የምትባለውን የማገገሚያ ማክሮ (ወደ ብዙ የኮድ መስመር የሚዘረጋ አንድ ትእዛዝ) ውሰዱ። ፕሮግራማችሁ ሲወድቅ ሲስተሙ የማገገሚያ ሩቲናችሁን ይጠራል፣ ኤስዲደብሊውኤ የተባለውን የምርመራ ብሎክ አድራሻም ይሰጠዋል። ሞክሩት፣ ሁልጊዜ ይሰጣችኋል። ማኑዋሉ ግን ብሎኩን የሚያስቀምጥበት ሜሞሪ ካጣ ሳይሰጥ ሊጠራችሁ እንደሚችል፣ ያኔ ሬጅስተር 0 ውስጥ 12 እንደምታገኙ ይነግራችኋል። እዚህ ጎንደር ላፕቶፓችሁ ላይ ያ ሁኔታ እስኪፈጠር ብትጠብቁ ትሸብታላችሁ። ፕሮዳክሽን ላይ ግን የሚመጣው ሜሞሪ ሲያልቅ ነው፣ ማለትም ማገገሚያው በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት። ያልፈተሸ ሩቲን ያኔ በራሱ ላይ ሌላ አቤንድ፣ ሌላ ውድቀት፣ ይጨምራል፣ የመጀመሪያው ውድቀት ምን እንደነበረም ዱካው ይጠፋል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ። ሰርቪስ ሲመለስ መሳካት አለመሳካቱን የሚናገረው ቁጥር፣ ሪተርን ኮዱ፣ የሚቀመጠው ሬጅስተር 15 ላይ ነው። «ሬጅስተር 15 ዜሮ ከሆነ አልቋል፣ ሌላ ምንም አትዩ፤ ዜሮ ሳይሆን የማይረባ ቁጥር ከመጣ ሰርቪሱ ተበላሽቷል።» ምሳሌ ያደረገው ኤስቪሲ 99ን ነው፣ ዳታሴት (የሜይንፍሬም ፋይል) በፕሮግራም ውስጥ የሚመደብበትን፤ ኤስቪሲ ሰርቪስ በቁጥሩ የሚጠራበት የማሽን ትእዛዝ ነው። «አንዳንዴ 4 ይመልሳል፣ ምን ማለት እንደሆነ ማኑዋሉ ላይ የለም፣ አንዳንዴ ዜሮ ይመልስና ያዘዝኩት በሙሉ አልተፈጸመም» ይላል።

ይቺን ጠጋ ብለን እንያት፣ ምክንያቱም ብዙ ልጆች የሚደናቀፉት እዚህ ነው። ኤስቪሲ 99 መልሱን በሬጅስተር 15 ብቻ አይናገርም። እናንተ ራሳችሁ አዘጋጅታችሁ የሰጣችሁት 20 ባይት የጥያቄ ብሎክ አለ፣ እዚያው ውስጥ ጽፎ ይመልስላችኋል። ደምፕ ውስጥ የብሎኩ መጀመሪያ እንዲህ ሆኖ ሊታይ ይችላል፦

14010000 02100000

14 በሄክስ (በ16 መሠረት አቆጣጠር) 20 ነው፣ የብሎኩ ርዝመት። 01 «መድብልኝ» የሚለው ትእዛዝ ነው። ቀጥሎ ሁለት ባይት ባንዲራዎች። ከዚያ 0210 የስህተት ምክንያት ነው፦ ዳታሴቱን ሌላ ጆብ ይዞታል፣ አያያዙም ከእናንተ ጥያቄ ጋር ይጋጫል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ባይቶች የመረጃ ኮድ የሚቀመጥባቸው ናቸው። አያችሁ? ጸሐፊው «ትርጉም የለውም» ያለው 4 ብቻውን ሲታይ ነው ትርጉም የሌለው። ብሎኩ ውስጥ ያለው ግን በሩን ምን እንደዘጋው ይነግራችኋል። ዜሮ መልሶ ነገሩ የጎደለበት ጉዳይም እዚያው ይፈታል፤ ማኑዋሉ ሬጅስተር 15 ዜሮ ሆኖ ሳለ ጥያቄውን የማያስቆም ስህተት አጋጥሞ የመረጃ ኮድ ሊኖር እንደሚችል በግልጽ ጽፏል። ዜሮን አይቶ ብሎኩን ያላየ ሰው ሰርቪሱን በሐሰት መክሰስ የለበትም።

«ማኑዋሉ ላይ የለም» ያለበት ምክንያት ሳይገባኝ አልቀረም። የኤስቪሲ 99 ማብራሪያ የሚገኘው ለተራ ፕሮግራም ጸሐፊዎች በተዘጋጀው የአሴምብለር ሰርቪሶች መጽሐፍ ውስጥ አይደለም። ልዩ ፈቃድ ላላቸው ፕሮግራሞች በተዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ ነው፣ ምንም እንኳ ሰርቪሱን ማንም ሊጠራው ቢችል። ይህ አደረጃጀት ያናድዳል፣ በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ግን መጽሐፍ ተሳስቶ መክፈት አንድ ነገር ነው፣ መጽሐፉ ተሳስቷል ማለት ሌላ።

ከዚሁ ጋር የምትሄድ አንዲት ወጥመድ አለች። የጥያቄ ብሎኩ ወደ ጠቋሚዎች ዝርዝር ያመለክታል። የመጨረሻው ጠቋሚ የመጀመሪያው ቢት መብራት አለበት፣ ማለትም በሄክስ 80 ይታያል። እሱ ከሌለ ሲስተሙ ዝርዝሩ ማለቁን አያውቅም፣ ቀጥሎ ያለውን አራት ባይት ሁሉ ጠቋሚ ነው ብሎ ያነባል። ታዲያ ቀጥሎ ያለው ምን እንደሆነ በዕለቱ በሜሞሪው ሁኔታ ይወሰናል። ዛሬ ይሠራል፣ ነገ አንድ መስመር ኮድ ስትጨምሩ እምቢ ይላል። ከዚያ «ሰርቪሱ እንደ ስሜቱ ነው የሚሠራው» ይባላል። ሰርቪሱ ስሜት የለውም።

የሪተርን ኮድን ነገር ሳነሳ ቅዳሜ ዕለት አንዲት ጎበዝ ተማሪ ያመጣችውን ችግር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፣ ምክንያቱም የጸሐፊው ዘዴ ራሱ የሚፈጥረው ችግር ነው። ሰርቪሱ ማኑዋሉ የዘረዘረውን ኮድ እየመለሰላት አይደለም። ዜሮ መሆን በማይችልበት ቦታ ሁልጊዜ ዜሮ። ኮዱን አብረን አየነው። ሰርቪሱን ከጠራች በኋላ፣ ሬጅስተር 15ን ከመፈተሿ በፊት፣ «እዚህ ደርሻለሁ» የሚል መልእክት በደብሊውቲኦ አስገብታ ነበር። ደብሊውቲኦ ራሱ ሰርቪስ ነው፣ ኤስቪሲ 35። የራሱን ሪተርን ኮድ ሬጅስተር 15 ላይ ይጽፋል፣ የመልእክቱን መለያ ደግሞ ሬጅስተር 1 ላይ። ስትፈትሽ የነበረው የመልእክቱን ስኬት ነው እንጂ የሰርቪሱን አይደለም። «ያያችሁትን እመኑ» ብትባል ኖሮ ማሽኑ ላይ ያየችውን ዜሮ ይዛ ቤቷ ትሄድ ነበር። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሰርቪሱ እንደተመለሰ፣ ሌላ ምንም ከማድረጋችሁ በፊት፣ ሬጅስተር 15፣ 0 እና 1ን አስቀምጡ። ከዚያ እንደልባችሁ መልእክት አትሙ።

ሥራ ላይ ስትሆኑ ደግሞ ፕሮግራሙን ሳትነኩ ማየት ይቻላል። ደምፕ ወስዳችሁ በአይፒሲኤስ፣ በደምፕ ማንበቢያው ፕሮግራም፣ ሲስትሬስ በሉ፤ ሲስተሙ የሠራውን በተራ የመዘገበበትን ያሳያችኋል። ለእያንዳንዱ ኤስቪሲ አንድ የመግቢያ መስመርና አንድ የመመለሻ መስመር ታገኛላችሁ፣ በሁለቱም ላይ ሬጅስተር 15፣ 0 እና 1 ተጽፈዋል። ቁጥሩ በሄክስ ስለሆነ ኤስቪሲ 99ን የምትፈልጉት 63 ብላችሁ ነው። እዚያ ላይ የገባውና የወጣው ጎን ለጎን ቁጭ ብሏል። ክርክሩ በአብዛኛው እዚያ ያልቃል።

ሦስተኛው ነጥቡ አጭር መልስ ይበቃዋል። «ታይም ማክሮና ስቶር ክሎክ የሚሰጡት ሰዓት አይገናኝም፣ አንዱ ይዋሻል» ይላል። ስቶር ክሎክ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ጀምሮ የሚቆጥረውን ባለ 64 ቢት ሰዓት ያስቀምጣል። ታይም ደግሞ ሌላ ካላላችሁት የሲስተሙን የአካባቢ ሰዓት ይሰጣል። ኮምፒውተሩ ያለበት አገር ሰዓቱን በዓመት ሁለቴ የሚቀያይር ከሆነ የሁለቱ ልዩነት አብሮ ይቀያየራል። እኛ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከዓለም ሰዓት 3 ሰዓት ቀድመን እንኖራለን፣ በላዩ ላይ የሀበሻ ሰዓት አቆጣጠራችን አለ። ሎጉን ከግድግዳ ሰዓት ጋር ከማነጻጸራችሁ በፊት የትኛው ሰዓት እንደሆነ ጠይቁ። ማኑዋሉ ሁለቱንም ጽፎታል።

አራተኛው፦ «ጎበዝ ፕሮግራመር ሶርስ ኮድ እንጂ ማኑዋል አያነብም።» በኤምቪኤስ 3.8፣ በዜድ/ኦኤስ ቅድመ አያት፣ ዘመን ይህ ሊያስኬድ ይችል ነበር። የዚያን ጊዜ ሰዎች የሲስተሙን ሶርስ በማይክሮፊሽ (ጽሑፍ አሳንሶ በሚይዝ ፊልም) ጭምር ያገኙ ነበር፣ አንድ ሰርቪስ ሲያስቸግራቸው ከፍተው ያዩታል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1983 ግን አይቢኤም ከዚህ በኋላ የማሽን ኮዱን ብቻ ነው የምሰጠው የሚለውን ፖሊሲውን አሳወቀ። ዛሬ ዜድ/ኦኤስ ላይ የምትሠሩ ከሆነ የምታነቡት የሰርቪስ ሶርስ የለም ማለት ይቻላል። ያላችሁ ማክሮዎቹ፣ የኮንትሮል ብሎኮቹ ካርታ እና ማኑዋሉ ነው። ሶርሱ ቢኖርም እንኳ የሚነግራችሁ ዛሬ ኮዱ ምን እንደሚያደርግ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደማይቀየር የሚነግራችሁ ማኑዋሉ ብቻ ነው፣ ለእኔ ትልቁ ጉዳይ ይኼ ነው። «ውጤቱ አይገመትም» ብሎ የጻፈበት ቦታ ካለ ደግሞ እዚያ ላይ ያያችሁት ማንኛውም ውጤት የማንም ግዴታ አይደለም፣ ነገ ሌላ ሊሆን ይችላል።

አምስተኛው ለጎንደር ልጆች በቀጥታ የተጻፈ ነው፣ እኔም በጣም የተቆረቆርኩት በእሱ ነው። «እኛ እውነተኛ ሜይንፍሬም የለንም፤ ሄርኩለስ ላይ ስንሞክር ማኑዋሉ ላይ ያለው ግማሹ አይሠራም፤ ይኸው ማስረጃው፣ ስቶሬጅ የሚለውን ማክሮ አሴምብለሩ ጭራሽ አያውቀውም።»

ሄርኩለስ የኮምፒውተሩን ሃርድዌር ነው የሚመስለው። በላዩ ላይ የምንጭነው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ኤምቪኤስ 3.8ጄ ነው፣ ምክንያቱም በነፃ የምናገኘው እሱን ነው። ያ ሲስተም አድራሻው 24 ቢት ነው፣ ሜሞሪው ከ16 ሜጋባይት አያልፍም። 31 ቢት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ከኤምቪኤስ/ኤክስኤ ጋር ነው፣ 64 ቢት ደግሞ በ2000 ከዜድ አርክቴክቸር ጋር። ጸሐፊው በእጁ የያዘው ማኑዋል የዛሬው ዜድ/ኦኤስ ነው። ስለዚህ የሰባዎቹን ሲስተም በዛሬ መጽሐፍ እየፈተነ ነው። ስቶሬጅ ማክሮ ያኔ አልነበረም፤ ጌትሜይን ላይ «ከ16 ሜጋባይት በላይ ስጠኝ» የሚለው አማራጭም እንዲሁ። የዘመኑን መጽሐፍ ውሰዱ፣ ቢትሴቨርስ በተባለው ማኅደር የዚያ ዘመን ማኑዋሎች ስካን ተደርገው ተቀምጠዋል። አብዛኛው «ልዩነት» ወዲያው ይጠፋል።

ማክሮ ሲያጠራጥራችሁ ደግሞ ፕሪንት ጄን የሚለውን የአሴምብለር ትእዛዝ ጨምራችሁ አሴምብል አድርጉ። ማክሮው ተዘርግቶ የሚያወጣውን ኮድ መስመር በመስመር ታያላችሁ። ደብሊውቲኦ መጨረሻው 0ኤ23 ነው፤ 0ኤ የኤስቪሲ ትእዛዝ ነው፣ 23 በሄክስ 35። ሲስተሙ የሚያየው ይህንን ነው እንጂ እናንተ የጻፋችሁትን የማክሮ ስም አይደለም። ሲስሊብ፣ አሴምብለሩ ማክሮ በሚፈልግበት ቦታ፣ ላይ የየትኛው ዘመን ማክሮ ላይብረሪ እንደተሰካ ካላወቃችሁ ምን እየጠራችሁ እንደሆነ አታውቁም።

«ሜይንፍሬም የለንም» የሚለውንም ሙሉ በሙሉ አልቀበልም። አይቢኤም ዜድ ኤክስፕሎር በሚባለው የመማሪያ መድረኩ እውነተኛ ዜድ/ኦኤስ ላይ በነፃ ያስገባል። ኢንተርኔት ሲኖር እሱን፣ ሳይኖር ሄርኩለስን መጠቀም ይቻላል። ኢንተርኔት የማይኖርበት ጊዜ እንዳለ ደግሞ ለጎንደር ሰው አልነግረውም። ያን ጊዜ ሰው መጠየቅ የለም፣ መፈለግ የለም። ቀደም ብላችሁ ያወረዳችሁት የማኑዋል ፒዲኤፍ ነው ከጎናችሁ የሚቀረው። ማኑዋሉን ዝጉት የሚለው ምክር ሌላ ቦታ ለሚኖር ሰው ያዋጣ ይሆናል፣ ለእኛ ግን ያለንን አንድ መሣሪያ ማስጣል ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ የሆነበትን ልናገር። ማኑዋሉ የምር የሚሳሳትበት ጊዜ አለ። አንቀጽ ይጎድላል፣ የሪዝን ኮድ ትርጉም ከቀድሞ እትም ሳይታረም ይቀራል፣ የምሳሌው ኮድ ከጽሑፉ ጋር ይጣላል። ጥያቄው ያን ጊዜ ምን እናድርግ ነው። እኛ ጎንደሮች ይህን ከማንም በተሻለ ልንረዳው ይገባል። የአንድምታ መምህር መጀመሪያ ንባቡን ያስይዛል። ከዚያ ይተረጉማል፣ «አንድም» ብሎ ሌላ ይጨምራል፣ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚለያዩበትንም ይናገራል። ትርጓሜው ስለበዛ ንባቡን የሚጥል መምህር ግን የለም። ዲባግ ስናደርግም የማኑዋሉ አንቀጽ ቆሞ ይቆይና ለልዩነቱ ምክንያት እንደረድራለን፦ አንድም እትሙ የሌላ ሪሊዝ ነው፤ አንድም ማክሮው ከሌላ ላይብረሪ ነው የመጣው፤ አንድም ፓራሜትራችን ተበላሽቷል፤ አንድም መጫን የነበረበት ፒቲኤፍ (የአይቢኤም ማስተካከያ) አልተጫነም፤ አንድም የተቋሙ ሲስተም ፕሮግራመሮች ኤግዚት (የራሳቸውን ተጨማሪ ኮድ) አስገብተው ሰርቪሱን ቀይረውታል፤ አንድም የአይቢኤም ኮድ ወይም የአይቢኤም ጽሑፍ ተሳስቷል። የመጨረሻዋ ላይ የሚደረሰው ሌሎቹ አንድ በአንድ ከወደቁ በኋላ ነው። ጸሐፊው የጀመረው ከመጨረሻዋ ነው።

ስለ እትም ካነሳሁ አንድ ጠቃሚ ነገር፦ በአይቢኤም ማኑዋሎች ላይ ከጽሑፉ በስተግራ ቀጥ ያለች መስመር ካያችሁ፣ ያ አንቀጽ ካለፈው እትም ወዲህ ተለውጧል ማለት ነው። ሲስተም ከታደሰ በኋላ አንድ ሰርቪስ ጠባዩን ከቀየረባችሁ መጀመሪያ የምታዩት እሷን ነው።

የመጨረሻው ነጥቡ «ማሳወቅ ከንቱ ነው፣ መዞሪያውን ጽፋችሁ እለፉ» ይላል። መዞሪያ መጻፍ አንዳንዴ ግድ ነው፣ ፕሮዳክሽን ቆሞ ማንም አይጠብቅም። ግን ለምን እንደተጻፈ ኮሜንት ያልተደረገበት መዞሪያ ለሚቀጥለው ሰው መርዝ ነው። አይቢኤም ስህተቱን አስተካክሎ ፒቲኤፍ ሲልክ እኮ ሰርቪሱ ሰነዱ እንደሚለው መሥራት ይጀምራል፣ ያኔ የሚወድቀው የእናንተ መዞሪያ ነው። ስለዚህ ቢያንስ የሪሊዙን ቁጥር፣ የማኑዋሉን እትምና አንቀጽ፣ የታየውን ልዩነት እዚያው ኮዱ ላይ ጻፉ።

ማሳወቁም ከንቱ አይደለም። አይቢኤም የሚመዘግበው የችግር ሪፖርት ኤፓር ይባላል፣ ሲዘጋ ምክንያቱ በኮድ ይቀመጣል። የፕሮግራም ስህተት የራሱ መዝጊያ ኮድ አለው፣ የሰነድ ስህተትም የራሱ አለው። ለሰነድ ስህተት ብቻ ኮድ የተመደበው ሰዎች እያሳወቁ፣ ሰነዱም እየታረመ ስለሆነ ነው። እኔ የምሠራለት ድርጅት ደንበኛ ስለሆነ በእነሱ በኩል ይላካል፤ ከጎንደር ይጻፍ ከሌላ ቦታ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው ሌላ ነገር ነው፦ ችግሩን የሚያሳይ አጭር ፕሮግራም፣ የተዘረጋው ማክሮ ያለበት ሊስቲንግ፣ ሰርቪሱ ሲጠራና ሲመለስ የነበሩት ሬጅስተሮች፣ ደምፑ፣ የጥገና ደረጃው፣ የማኑዋሉ አንቀጽ። «አይሠራም» ብሎ የሚላክ ሪፖርት ከየትም ቢመጣ ተመልሶ ይመጣል።

ወንድሜ፣ የኤስቪሲ 99 ችግርህ የምር ሊሆን ይችላል፣ ከጽሑፉ ብቻ መፍረድ አልፈልግም። 4 የመለሰልህን ያን ፕሮግራም እንደገና አስኪደው፣ ሲመለስ ሬጅስተሮቹን አስቀምጥና ደምፕ አድርግ። 14 ብሎ የሚጀምረውን ብሎክ ፈልገህ የመጀመሪያዎቹን 8 ባይቶች ጻፍልኝ፣ ከጠቋሚዎቹ ዝርዝር መጨረሻ ላይ 80 መኖሩንም አብረህ እይ። ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር እናየዋለን፤ ስህተቱ የአይቢኤም ሆኖ ከተገኘ ሪፖርቱን አብረን እንጽፈዋለን።